አልጋ የሰጠው አናጢ

አናጢው ሁለት ሳንቃ በትከሻው ተሸክሞ ከእንጨት መሸጫው ሲወጣ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ከእህቱ ልጅ ጋር ተገጣጠመ። ነርስ ናት። መንገዱ ጠባብ ስለ ነበር ጎንበስ ብላ በሳንቃው ሥር አለፈችና ጫፉን ከኋላ ደገፈችለት።

«አጎቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ተሸካሚ አይቀጥሩም?»

«ይኼ በተሸካሚ የሚሄድ እንጨት አይደለም። የእግዜር ነው። ለስጦታ እሑድ የሚደርስ ቁም ሳጥን ልሠራበት ነው።»

በእነርሱ ቤተ ክርስቲያን የስጦታ እሑድ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በዚያ ቀን ምእመኑ ሁሉ የአቅሙን ይዞ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሰባኪው የሰጪውን ስም ይጠራል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ያለፈው ዓመት አናጢው አዲስ አልጋ በአራት ሰው አሸክሞ ሲገባ፣ ጭብጨባው ከሌላው ሁሉ ረዘም ብሎ ነበር። አናጢው ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ስለ ሰጠው ዕቃ ብዙ ያስባል፤ ስለ ተቀበለው ሰው ብዙም አያስብም።

«ቁም ሳጥኑ ለማን ነው?» አለች ነርሷ።

«ለልብስ ሰፊዋ ነዋ። አልጋ አላቸው። ቁም ሳጥን ሲጨመርበት ቤቱ ቤት ይሆናል።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ የመዘምራኑን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ዛሬ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው።

«በቅርቡ አይተዋቸዋል?»

«አልጋውን ያስገባሁ ቀን አይቻቸዋለሁ። መረቁኝ።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህ ምን ብዬ እሄዳለሁ? በራቸውን ባንኳኳሁ ቁጥር፣ ‹ይኼ ሰውዬ አልጋውን ሊያስታውሰኝ መጣ› ይላሉ። ሰጥቶ ዘወር ማለት ነው ደንቡ። መመላለስ ውለታ ማስቆጠር ይሆናል።»

«እኔ አሁን ወደ እርሳቸው ነው የምሄደው። ሳል ይዟቸዋል። መንገድዎ ስለ ሆነ አብረን እንሂድ።»

አናጢው ሥራ እንዳለበት ሊናገር አሰበና፣ የሳንቃው ጫፍ በእጇ ስለ ነበር ተከተላት። እየሄዱም ክርክሩ አልበረደም።

«እናንተ የተማራችሁት» አለ፣ «ሁሉም ነገር በየወሩ እንዲሆን ትፈልጋላችሁ። መብራቱ በየወሩ፣ ውኃው በየወሩ። አሁን ደግሞ ለእግዚአብሔርም ቆጣሪ ይግባለት ልትሉ ነው?»

ነርሷ ሳቀች። «ቆጣሪውስ ይቅር። ግን እርሱም እንደ እኛ በዓመት አንድ እሑድ ብቻ ፀሐይ ቢያወጣልን፣ እርስዎ እንጨትዎን በምን ያደርቁ ነበር?»

«አንቺ ልጅ፣ በምላስሽ እናትሽን ወጥተሻል» አለ አናጢው።

የልብስ ሰፊዋ ቤት ከግቢው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አናጢው ሳንቃውን ከግድግዳው አስደግፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። መጀመሪያ ያየው አልጋውን ነበር። በላዩ ብርድ ልብሶች እንደ ታጠፉ እስከ መስኮቱ ተከምረዋል፤ አንዳንዶቹ ከነላስቲካቸው ናቸው። አሮጊቷ ግን ከአልጋው አጠገብ፣ በሲሚንቶው ላይ በተነጠፈ ስስ ፍራሽ ተቀምጠው ያስላሉ።

ቅር አለው። «እትዬ፣ አልጋው አልተመቸዎትም?»

ድምፁን ለይተው ቀና አሉ። «እርስዎ ነዎት? አልጋው ይመቻል። እግሩ ነው የሚወዛወዘው። አንድ ሌሊት ይዞኝ ዘመም አለ፤ ከዚያ ወዲህ ፈራሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰው ሁሉ ያጨበጨበለትን አልጋ ይወዛወዛል ብዬ እንዴት ላውራ? ላሳጣዎት አልወደድኩም። መጥተው ቢሆን ኖሮ፣ ሲቀመጡበት ራሱ ይነግርዎት ነበር።»

አናጢው ተንበርክኮ እግሩን ነቀነቀ። ምን እንደ ሆነ ወዲያው ገባው። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ፣ ለእሑዱ ይድረስ ብሎ ተቻኩሎ ነበር የገጠመው። ቤት ውስጥ ሲከርም ደረቀ፤ ሲደርቅ ኮሰሰ፤ መጋጠሚያው ላላ። ከዚያ የሚፈልገው የላላውን የሚያጠብቅ አንድ ሽብልቅ ብቻ ነበር።

ነርሷ መድኃኒቱን መለካቷን ቀጠለች። አጎቷን ታውቀዋለች፤ ከተናገረችው እልህ ይይዘዋል።

አናጢው ከደጅ ደረቅ የእንጨት ቁራጭ አንስቶ፣ በቢላው ጠርቦ ሽብልቅ አወጣና በመዶሻ ፋንታ በድንጋይ መታው። አልጋው ቀጥ አለ። የሻይ ውኃ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም።

«ለዚች ቁራጭ ነው መሬት ላይ የከረሙት» አለ ቀስ ብሎ። ቀጥሎ ክምሩን አየ። «ይኼ ሁሉ ብርድ ልብስስ?»

«የስጦታ እሑድ ነው» አሉ አሮጊቷ። «ተሸክመውት ሲገቡ ያምራል መሰል፣ ሁሉም እርሱን ያመጣል። በብርድ ልብስስ ከበርኩ። ውኃ የሚቀዳልኝ ነው የጠፋው።»

ነርሷ ሳቋን ዋጠች።

«ይሁን እሺ» አለ አናጢው ወደ እህቱ ልጅ ዞሮ፣ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይረታ። «ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ማንም ሳያየው፣ ሰው ይሰጣል ትያለሽ? የሰው ልጅ እኮ ነው።»

«አንዳንዱ አይሰጥ ይሆናል። እርስዎን ግን አሁን ማን አየዎት?»

አናጢው ዞር ብሎ ተመለከተ። በክፍሉ ውስጥ ከእህቱ ልጅና ዓይናቸው ከፈዘዘ አሮጊት በቀር ማንም አልነበረም። ያጨበጨበም የለም።

«እጅዎ ላይ ያለው ሞያ በአደራ የተቀበሉት ነው» አለች ነርሷ። «አደራ ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ተጠብቆ ሌላውን ቀን አይጣልም። የእኔም ሥራ እንደዚያው ነው።»

አናጢው ባልዲውን አንስቶ ውኃ ሊቀዳ ወጣ።

የስጦታ እሑድ ሲደርስ ባዶ እጁን ወደ ፊት ወጣ። ሰባኪው ግራ ተጋብቶ በር በሩን ያይ ጀመር፤ ቁም ሳጥኑ ከኋላ የሚከተል መስሎታል።

«ምንም አላመጣሁም» አለ አናጢው። «ያለፈው ዓመት አጨበጨባችሁልኝ። አልጋዬ ተወዛወዘና ሴትዮዋ ሲሚንቶ ላይ ሲተኙ ከረሙ። እኔ አላየሁም፤ እናንተም አላያችሁም። ቁም ሳጥኑ እንጨቱ እየደረቀ ነው። ከእንግዲህ በየወሩ እየዞርኩ በርም ወንበርም የላላበትን አያለሁ። እባካችሁ አታጨብጭቡ።»

ማንም አላጨበጨበም። ነገር ግን ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ፣ አጠገቡ የነበረው ዳቦ ጋጋሪ ጎንበስ ብሎ፣ «እኔም በየሳምንቱ የምጥለው ዳቦ አለኝ» አለው።

«ሳይሻግት?»

«ኧረ ሳይሻግት።»

ለውጡ የጀመረው እንዲህ ነው። ዳቦው በየሳምንቱ ለችግረኛው መድረስ ጀመረ። አንድ ሹፌር እሑድ እሑድ መራመድ የሚከብዳቸውን ሽማግሌዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመላልሳል። ብርድ ልብሱም ብርድ ላለበት ተከፋፈለ። የስጦታ እሑድ አልቀረም፤ ግን ሰው ከማምጣቱ በፊት ምን እንደሚያስፈልግ መጠየቅ ለመደ። የሚመላለስ ጎረቤት ስላለ ሕመም ሳይብስ ይታወቃል። ከሁሉም የሚበልጠው፣ ተቀባዩ የጎደለውን ሳያፍር ይናገራል፤ ሰጪውም ሞያው ለማን እንደ ተሰጠው ያውቃል።

ሳንቃው ሲደርቅ አናጢው ልብስ ሰፊዋን ስለ ቁም ሳጥኑ ጠየቃቸው። «ምን ልብስ ኖሮኝ እሰቅልበታለሁ?» አሉት። የፈለጉት በር ላይ ተቀምጠው የአላፊውን ድምፅ የሚሰሙበት አንድ በርጩማ ነበር። ሠራላቸው።

ዛሬም ሲመጣ ከሰላምታው በፊት ጎንበስ ብሎ የበርጩማውን እግር ይነቀንቃል።

«አይወዛወዝም» ይሉታል። «ይልቅ አረፍ ይበሉ።»