የፖላንዱ ወዳጃቸው

ከሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ በተነሳው ባቡር አንዲት ወጣትና ከፖላንድ ሲመለሱ የተቀበለቻቸው አጎቷ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ያ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዎ ስደተኛ የሚጠላውን ፓርቲ መረጠ?»

«መረጠ። እዚያ አብረን ስንማር ኮሚኒስቶቹ ሲወድቁ ከሁላችን በላይ የጨፈረው እሱ ነበር። ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ልጆቹም ሥራ ፍለጋ ጀርመን ሄዱ። ‹ስለ መንደራችንና ስለ ቤተ ክርስቲያናችን የሚያወራልን ሌላ ፓርቲ የለም› ነው የሚለው።»

«ሶ፣ ከእንግዲህ ኮል አያድርጉለት።»

«እናቴ የሞተች ጊዜ አብሮኝ ያለቀሰ ሰው ነው።»

«ዛሬ እንደ እኛ ያለ ስደተኛ ቢመጣበትስ?»

«እኔም ይህንኑ ጠየቅሁት።»

«ምን አለ?»

«ሲመሽ አልጋውን ለቀቀልኝና እሱ ሶፋ ላይ ተኛ።»

ኮሎምቢያ ሲቲ ጣቢያ ላይ መውረድ ነበረብኝ፤ በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ግን ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።