«መቀስ አውሱኝ» ይሉ የነበሩት ልብስ ሰፊ እህታችን

ይህን የሕይወት ታሪክ የማነብላችሁ እኔ ታላቅ ወንድማቸው ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜዬም የገፋ ስለሆነ፣ ቀን ወይም ዓመት ብስት የምታውቁ ከቀብሩ በኋላ አርሙኝ። በቤት «አንቺ» እላቸው ስለነበር ዛሬ «እርሳቸው» ስል ቢያደናቅፈኝም ይቅርታ አድርጉልኝ።

እህታችን ከጡብ ሠሪው አባታችንና ከልብስ አጣቢዋ እናታችን ሦስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ በልብስ ፋብሪካ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ሠርተው፣ የአውቶቡስ ሹፌር አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ሁለተኛዋ ስትወለድ ፋብሪካውን ትተው በሠፈራችን መግቢያ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ክፍል የስፌት መኪናቸውን ተክለው የተማሪ ደንብ ልብስ መስፋት ጀመሩ።

አንድ የትምህርት መክፈቻ ሰሞን፣ ሊለካ የመጣ የጎረቤት ሕፃን ክንዱ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ገጥሞ ስለነበር እጅጌው ውስጥ አልገባ አለ። ያ ልጅ ሲደበደብና ሲጮህ ሁላችንም ሰምተን ነበር። እኔ ሬዲዮዬን ከፍ አደረግሁ፤ እርሳቸውም እንዳይሰማቸው መኪናቸውን አፈጠኑ። ራሳቸው በየሰዉ ፊት ይናገሩት ስለነበር ገመና አወጣ አትበሉኝ። ያን ቀን እጅጌውን ተርትረው ለጠማማው ክንድ በልኩ ሰፉለትና፣ ከእንግዲህ ልጅ ሲጮህ መኪናዬ ይቆማል አሉ።

ቆመም። የመኪናው ድምፅ በድንገት ጸጥ ሲል፣ እህታችን ወጥተው የአንድ ሰው በር እያንኳኩ እንደሆነ ሠፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሲከፈትላቸው «መቀስ አውሱኝ» ይላሉ። አራት መቀስ ያላቸው ልብስ ሰፊ መቀስ ሲለምኑ ሰው ቢስቅም፣ የተነሣው እጅ ይወርዳል፣ እርሳቸውም ገብተው ይቀመጣሉ። ልጆች «እትዬ መቀስ» አሏቸው፤ ትልልቆቹ ለሽሙጥ ተቀበሉት፤ እርሳቸው ግን ስሙን ወደዱት።

አልተሳሳቱም አልልም። አንድ ጊዜ ልጁ ጆሮውን ታሞ ሲያለቅስ የሰሙትን አናጢ ጎረቤታችንን በሰው ፊት «ደብድበኸዋል» ብለው ወነጀሉት። በማግሥቱ በዚያው ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቀው ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰዱት። አናጢው ሳምንት ሙሉ አኩርፎ ሲያበቃ «እትዬ፣ እርስዎ ሲደክምዎ እኔ አንኳኳለሁ» ብሎ መጣ። እያደር ከእህታችን ሌላ ሰባት አንኳኪዎች ሆኑ። እንቅልፍ ያጣች እናት ሲያገኙ ሕፃኑን ይዘው እርሷን ያስተኛሉ፤ ሥራ ለፈታ አባት ሥራ ያፈላልጋሉ፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ለፖሊስ ያመለክታሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ወዳጄ የነበረ አንድ ሥራ ተቋራጭ፣ አንቱታውን ሆን ብዬ ነሥቼዋለሁ፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጁን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፋት። እህታችን ከእናቲቱ ጋር ሄደው ከሰሱ። እኛ አምስት ሽማግሌዎች ደግሞ ምስክርነቱን እንዲተዉ ልንለምናቸው ሄድን። ታላቅ ስለሆንሁ ቀድሜ «እባክሽ የሰው ትዳር አታፍርሺ፣ በቤት እንጨርሰው» አልሁ።

እርሳቸውም መኪናቸውን አቁመው «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬም ሬዲዮህን ከፍ ልታደርግ ነው?» አሉኝ። ቀጥለውም «በሉ ሂዱና የልጅቷን ጀርባ አይታችሁ ኑ፤ ከዚያ እናወራለን» አሉን። አራቱ ተቆጥተው ወጡ። እኔ በማግሥቱ ሄጄ አየሁ። ያየሁትን በዚህ አልናገርም፤ ስምንተኛው አንኳኪ ግን እኔ ሆንሁ።

መስኮታቸው ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ ደንበኛም ራቃቸው። እርሳቸው መሰከሩ፤ ሰውየው ተፈረደበት። እናትና ልጅ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱና ድምፃቸው ጠፋ። እህታችን ባላቸው ሲሞቱ እንኳ ሐዘን ከመጣው ሁሉ «የዚያች ልጅ ወሬ አልተሰማም?» ይሉ ነበር። ዘንድሮ ሳንባቸው ታሞ ሲተኙም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ልጅቷ ደወለች። አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች። ከምትኖርበት ፎቅ በላይ ልጅ ሲጮህ ሰምታ፣ ወጥታ አንኳኩታ «መቀስ አውሱኝ» እንዳለች ነገረቻቸው። «እትዬ፣ የምራቸውን ሰጡኝ እኮ! ምን ላድርገው?» ስትል እህታችን እስኪያስላቸው ሳቁ። «ዛሬ እንዳትመልሺ። ነገ ልመልስ ብለሽ ትገቢያለሽ» አሏት።

ቅዳሜ ጧት ዐረፉ። ልጅቷ ተመልሳ ሄዳ ምን እንዳገኘች አላውቅም፤ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የሰማሁት ወሬ የለም።

እህታችን ሁለት ሴቶች ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና ስምንት አንኳኪዎች ትተዋል። አሁን ተገላገልን የሚል በመካከላችን ካለ፣ አናጢውም እኔም የት እንዳለን ያውቃል። መኪናቸው ቆሟል፤ እርሱ ሲቆም ምን እንደሚደረግም ሠፈሩ ያውቃል። ስንቱን በር ሲያንኳኩ ለኖሩት እህታችን ፈጣሪ የራሱን በር ሳያንኳኩ ይክፈትላቸው፤ ነፍሳቸውንም ልጅ በማያለቅስበት ቤት ያሳርፍልን። አሜን።