የሽማግሌዎቹ ፈተና

ከላምበረት ወደ ቦሌ አራብሳ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሦስት አዛውንት ከኋላ፣ እኔ ከፊታቸው ተቀምጠናል። ለጎረቤታቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት።

«አባቷ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ያለፉትን ሽማግሌዎች በጥያቄ ነው የመለሳቸው።»

«በል ልጁ የጻፈልንን አንብብ።»

«የንብ መንጋ በእንግሊዝኛ?»

«ስዋርም።»

«የበግስ?»

«ፍሎክ።»

«እኛስ በግ አልን፣ ንብ አልን፣ መንጋ ብለን እንጨርሰዋለን። ፈረንጆቹን ምን አደከማቸው?»

«እሱን ልጅቷን ከሰጠን በኋላ ትነግረዋለህ። የአንበሳስ?»

«ፕራይድ።»

«የዝሆንስ?»

«ዝሆን ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ቢጠይቀንስ?»

«ልጁም ሳያገባ ይቀራል፣ እኛም ቆመን እንቀራለን።»

«ኧረ ተው! ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ የኔ ጉልበት ደግሞ አይቆምም።»

«ሄርድ» የሚለው የዝሆኑ መልስ ምላሴ ላይ እንዳለ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ።