የባጃጁ ጎማ

ከለቅሶ ስመለስ መካነ ሰላም ላይ ባጃጅ ተሳፈርኩላችሁ። ዝናብ ነው። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀርን፤ ሹፌሩ ልጅ ሞተሩን ቢያስጮኸው ቢያስጮኸው ንቅንቅ የለም። ከኋላችን በእግሯ ትመጣ የነበረች አንዲት ወጣት ዘንቢሏን አስቀመጠችና በትከሻዋ ትገፋን ጀመር። ወጣን። እሷ ግን ጭቃ በጭቃ ሆና ቀረች።

«አሳፍራት እንጂ ልጄ!» አልኩት።

«ይተዉኝ እናቴ። ቡና ቤት ያለች ሴተኛ አዳሪ ናት። እሷን ከጫንኩ ጨዋ ሰው የኔ ባጃጅ ላይ አይወጣም።»

ደሜ ፈላ። አንገቴን አውጥቼ «አንቺ ልጅ፣ ነይ ግቢ፤ እኔ እከፍላለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ልጅቱ ጠጋ ብላ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «ይሂዱ እናቴ። ወንድሜ ነው፤ ሰው ፊት አያውቀኝም። ባጃጁንም የገዛሁለት እኔ ነኝ።» ከዚያ የኋላውን ጎማ በእግሯ ነካ አደረገችው። «ይኸው አልቋል። ለዓረፋ አዲስ እገዛለታለሁ።»

ባጃጁ ተንቀሳቀሰ። ዝናቡም ባሰበት። ጥቂት እንደሄድን ልጁ ፊቱን ሳያዞር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እናቴ፣ ጎማውን መቼ እገዛለሁ አለች?» አለኝ።

«ወራጅ አለ!» አልኩት።