ቲቸር የማያውቁት ኮከብ

ትናንት ከሰበታ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ያሉትን አዛውንት አወቀቻቸው።

«ቲቸር፣ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምረውኛል።»

«ይቅርታ ልጄ፣ መልክሽ ጠፋኝ። አሁን ምን ትሠሪያለሽ?»

«ማግኔታር የሚባል የሞተ ኮከብ አጠናለሁ። ኃይለኛ ማግኔት ነው፤ ራጅ የምንነሳበትን ዓይነት ጨረር ይረጫል።»

«ጨረሩን አየሩ ያስቀረዋል። በምን ታዩታላችሁ?»

«ከአየሩ በላይ በሚዞር ቴሌስኮፕ። እሱ መረጃውን ወደ ምድር ይልካል፤ እኔ ፉሪ ቤቴ ቁጭ ብዬ እተነትነዋለሁ።»

«ጎበዝ። እኔ ግን ይህን አላስተማርኩሽም።»

«ኮከብ ሲሞት ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቅዎት ክፍሉ ሳቀብኝ። እርስዎ ‹አላውቅም፣ ጥያቄው ግን ጥሩ ነው› አሉ። ቅዳሜ አዲስ አበባ ሄደው መጽሐፍ ፈልገው አመጡልኝ።»

«አሁን አስታወስኩሽ። ተማሪ ፊት አላውቅም ማለቴ ስንት ዓመት ሲያሳፍረኝ ኖረ።»

«እኔ እዚህ የደረስኩት በዚያች ቃል ነው። ባገኝዎት ልነግርዎት ስመኝ ነበር። ገለቶማ፣ ቲቸር።»

በኦሮምኛ ስታመሰግናቸው አዛውንቱ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺም ገለቶሚ፣ ልጄ። እኔ እኮ ያን ቀን ያጠፋሁ ነበር የሚመስለኝ።»

መውረጃዬ ዓለም ገና ነበር፤ እነሱን ስሰማ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።