ቀሚሱ ነው የጠመመው

ከከዚራ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ሁለት ሴቶች ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ ፌስታል የታቀፈችው ሳቋን ማቆም አቅቷታል።

«ወላሂ፣ አዲሱ ቀሚሴ ጠሞብኛል!»

«ልብስ ሰፊው ምን ነካው? ከልጅነትሽ ጀምሮ የሚሰፋልሽ እሱ አይደል?»

«ጉዱ እሱ ላይ ነው! አከርካሪዬ ጠማማ መሆኑን ስለሚያውቅ ሁልጊዜ የግራውን ትከሻ ከፍ አድርጎ ነው የሚቆርጥልኝ። ዘንድሮም ሳይለካኝ በልምዱ ቆረጠው።»

«እና?»

«እናማ ስለብሰው ግራው ባዶውን ቆሞ ቀረ! ትከሻዬ ወርዷል!»

«ውሸታም!»

«ስምንት ወር ሙሉ ሐኪም ያዘዘችልኝን ስፖርት ስሠራ፣ በየጠዋቱ በጎኔ ተኝቼ የጎደጎደውን ጎኔን በትንፋሽ ስሞላ ስትስቂብኝ አልነበር?»

«እንቁላልና ወተቱስ? እኔ'ኮ ልትወፍሪ መስሎኝ!»

«ለአጥንቴና ለጡንቻዬ ነዋ! ሐኪሟ ሙሉ በሙሉ አይቃናም ብላኛለች። ግን ይኸው፣ ትከሻዬ ሁለት ጣት ወረደ!»

«አቦ፣ የእህትሽ ሰርግ'ኮ ነገ ነው! አሁን ሄደሽ ሽማግሌው ሰፊ ላይ ልትጮሂበት ነው?»

«እጁን ልስመው ነው እንጂ! መጀመሪያ ግን ሜትሩን አውጥቶ ይለካኛል፣ በዓይኑ ይየው!»

እኔ መውረድ የነበረብኝ ከደቻቱ ድልድይ ወዲህ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል አብሬያቸው ሰፊው ወዳለበት መጋላ ገባሁ።