ዓይን መጨረሻ ይሣላል

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር፤ ከጮቄ ተራራ የወረደው ጉም ደብረ ማርቆስን ውጧት፣ በሠዓሊው ወዳጄ ደጃፍ የቆመው ባሕር ዛፍ እንኳ ከውስጥ ለተቀመጥሁት ለእኔ አይታየኝም። ወዳጄ በቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች እጅ ያደገ ነውና፣ ወደ ግንባር የሚሄዱ ሴት ወታደሮችን ሲሥልም የመምህሮቹን ሥርዓት አይለቅም፤ ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ነው። ከሴቶቹ አንዷ የሺወርቅ ግን፣ ሳያልቅላት የግንባሩ መኪና ስለ ወሰዳት ሥዕሏ ያለ ዓይን ቀርቶ ነበር።

በዚያ ጉም እናቷ ከሮብ ገበያ ከተማ መጡ፤ ሥዕሉንም አዩት።

“ልጄ በሕልሜ ግድግዳ እየዳበሰች ‘እማዬ፣ መንገዱ አይታየኝም’ ትለኛለች። ምነው ዓይኗን ነፈግኻት?” አሉት።

“እማማ፣ ዓይኗን እኮ በደንብ አላስታውሰውም።”

“ከእኔ ቅዳዋ! ዓይኗ የእኔው ነው። ያባቷን አፍንጫማ፣ ቢቀር የሚሻለውን፣ አልሳትኸውም!”

መስኮቱ ሥር ተቀመጡለት፤ እስኪጨርስ ድረስ ሽፋሽፍታቸውን አላርገበገቡም። የመጨረሻዋ ነጭ ነጥብ ከብሌኑ ላይ ስታርፍ፣ ያቺ ልጅ ከሸራው ውስጥ አተኩራ አየችኝ።

“አለቀ፤ ይዩአት እማማ” አለ ወዳጄ።

እናት ተነሡ። እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ይዳብሱ ጀመር።

“ልጆቼ፣ ጉሙ ቤት ገባ እንዴ?”

ጉሙ ግን ተገፎ፣ ባሕር ዛፉ በፀሐይ ወለል ብሎ ይታይ ነበር።

የእናቲቱ ዓይን ከዚያ ወዲህ አላየም፤ የሺወርቅም አልተመለሰችም።